ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ

ጥርሷን የሰበረው የእስክሪብቶ ክዳን ነው። ሌላው ሰው ድንጋይ ነክሶ ወይም አጥንት ቆርጥሞ ጥርሱን ይሰብራል፤ እሷ ግን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ፣ ነገር ዓለሙን ረስታ ክዳን ስታላምጥ ቋ የሚል ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ የተሰበረው ክዳኑ መስሏት ነበር። ምላሷን ወደ ኋላ ስትልክ ነው ጉዱን ያወቀችው።

አለቃዋ ፕሮፌሰር «ይሄ ዓመልሽ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል» እያለች ስትቆጣት ነው የከረመችው። ያን ቀን ግን አልተቆጣቻትም። «ከመንገዱ ማዶ የጥርስ ክሊኒክ አለ፤ ሂጂ። ክዳኑን እዚሁ ተይው» ብቻ አለቻት።

ክሊኒኩ ያለው አንድ የልብስ ስፌት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሙን ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ «ዶክተር አለቀ» ነው የሚለው። ገና መርፌውን ሳያነሳ «አለቀ፣ አለቀ፣ አይዞሽ!» ማለት ስለሚወድ ነው። እንዳላለቀ በሽተኛውም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል፤ ግን ሁለቱም ይጽናናሉ።

ጭንብል ካጠለቀ ሰው ጋር የተዋወቀ ከዓይን በቀር የሚያየው የለም። የዚህ ሰው ዓይኖች ደግሞ ያለማቋረጥ ይስቃሉ። ወንበሩን አስተኝቶ፣ መብራቱን አስተካክሎ፣ «ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ፤ ወዲያው አቆማለሁ» አላት።

«ለምን ግራ?»

«እኔ ያለሁት በቀኝሽ ነዋ! ቀኝሽን ካነሳሽ የምትመቺው እኔን ነው። ተመትቼ አውቃለሁ።»

ሳቋ መጣ። መርፌውን ወግቶ እስኪደነዝዝ ሲጠብቅ፣ የሙያ ነገር ሆኖባት ዝም ማለት አልቻለችም።

«ምንድን ነው የሚሞሉልኝ?»

«ነጩን። ጥርስሽን ስለሚመስል ማንም አያውቅብሽም።»

«መልኩን አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ ነው የጠየቅሁት።»

ሐኪሙ ጎማ ባለው ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። «ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያማል ወይ ብሎ ነው። ይሄን የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። «አንቺ ምንድን ነው የምትሠሪው?»

ነገረችው። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ፣ ውስጣቸው ጥርት ብሎ በሚታይ የዓሣ እንቁላሎች ላይ ነው የምትመራመረው። ነጩ የጥርስ መሙያ መጀመሪያ ለስላሳ ሊጥ ነው፤ ሰማያዊ መብራት ሲበራበት ይደርቃል። ግን ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፤ ጥቂት ቅሪት በምራቅ እየታጠበ ይወጣል። ቅሪቱ ውስጥ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚመስሉ ኬሚካሎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሰውነት ደግሞ ይሸወዳል፤ የቤተሰብ ድምፅ አስመስሎ ላንኳኳ እንግዳ በር እንደ መክፈት ማለት ነው። ለትልቅ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ሽል ግን ገና ልቡንና አከርካሪውን በመሥራት ላይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የተሳሳተ እንግዳ ቢገባስ? የሷ ሥራ ይህንን መጠየቅ ነበር።

ይህን ሁሉ ግማሽ ፊት ደንዝዞ ማስረዳት ቀልድ አይደለም። «ኢስትሮጅን» የሚለው ቃል ጋ ስትደርስ ከንፈሯ አልታዘዝ አላትና ምራቋ በአገጯ ወረደ። ሐኪሙ ሳይስቅ በፋሻ ጠረገላት። እንዴት እንዳፈረች! ግን ከሐፍረቱ ጋር ሌላም ነገር ነበር፤ እንደዚያ በጥንቃቄ የነካት ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ማሰብ ጀመረች።

«ታዲያ ልሙላው ልተወው?» አለ።

«ይሙሉት። እኔ ሽል አይደለሁም።»

በቀጭን በቀጭን እየደራረበ፣ ለእያንዳንዱ ሰማያዊውን መብራት እያበራ ሞላላት። ሲጨርስ ላዩን ጠርጎ፣ አለስልሶ፣ አስጉመጥምጧት ተነሳ።

«ነገ ከንፈርሽ ሲመለስ የቀረውን ትነግሪኛለሽ» አለ። «የሰማሁት ግማሹን ነው። እሱም አስፈርቶኛል።»

በማግስቱ አንድ ረጅም ሰው የላቦራቶሪውን በር ከፍቶ ገባ። አላወቀችውም። ሲስቅ ነው ዓይኖቹን ያወቀቻቸው።

«ለካ አፍ አለዎት!» አለች ሳታስበው።

አፍ አለው። የፊት ጥርሱም ጫፉ ተሸርፏል።

«የጥርስ ሐኪም ሆነው?»

«ማን ይሥራልኝ? ለራሴ ግራ እጄን ማንሳት አልችልም።»

ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠችውና መነጽሩን አስተካከለችለት። ብዙ ቆየ። ትከሻው ዝቅ ሲል፣ ትንፋሹ ሲረጋ አየችው።

«የሚመታው ልብ ነው?»

«ልብ ነው። ትናንት አልነበረም።»

ቀና ብሎ አያት። የዓሣዎቹ ውሃ መግቢያ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ከሁለቱ ዓይኑን ቀድሞ የሰበረ አልነበረም፤ ፕሮፌሰሯ ገብታ «እኚህ ደግሞ ማን ናቸው?» ባትል ኖሮ እስኪመሽ በቆዩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አልጠፋም። ለአዲሱ ሙከራዋ ከደረቀ የጥርስ መሙያ የተሠሩ፣ መጠናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ትንንሽ ክቦች ያስፈልጓት ነበር። ክቦቹን ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፍና ሽሎቹን በዚያ ውሃ ታሳድጋለች። «እኔ እያለሁ!» አለ ዶክተር አለቀ ደረቱን ነፍቶ። «ግን 'እርስዎ' የምትይውን ተይኝ። ምራቅሽን የጠረግኩ ሰው ነኝ።»

«እሺ፤ አንተ።»

«እሰይ።»

የቸገረው ቅርጽ ማውጫ ነበር። መፍትሔው የተገኘው ከታች፣ ከስፌት ቤቱ ነው። ልብስ ሰፊዋ የሐኪሙ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቀኑን የምታሳልፈው ከስፌት መኪናዋና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው። ስታዋራ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ነው፤ ግን አንድም ቃል አያመልጣትም። ወሬውን ሰምታ መሳቢያዋን ስባ አንድ ወፍራም የኮት ቁልፍ ወረወረችላቸው።

«በዚህ አትሙና ገላግሉን። ዓሣ ጠባቂዋ፣ ይሄን ወንድሜን ካንቺ ሌላ ሰው ደረጃ አያስወርደውም፤ ምን አቅምሰሽው ነው?»

ሐኪሙ ቀላ። ቁልፉን የጥርስ አሻራ መውሰጃው ሊጥ ላይ ተጭኖ ቅርጹን አወጣበት። ከዚያ ነጩን መሙያ ባንድ ጊዜ ጠቅጥቆ ሞልቶ፣ ላዩ ላይ መብራቱን አበራ። እሷ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ክንዷ ክንዱን ይነካዋል። ያን ዕለት እንኳን መሙያውን የራሱን ስም ቢጠይቁት የሚመልስ አይመስልም።

«አለቀ!» አለ።

ክቦቹን ሦስቱም ሰዎች «ቁልፎቹ» አሏቸው። በትንሽ ዕቃ ይዛቸው መንገዱን ስትሻገር ከመስኮቱ ቆሞ ሲያያት ነበር፤ ዞር ብላ እጇን አወዛወዘችለት።

ያን ሰሞን ሁሉም ነገር ባንድ ላይ መጣ። እህቱ አርግዛለች። ከዚህ በፊት ሁለቴ አርግዛ ሁለቴ ወርዶባት ስለነበር ደስታዋን በሹክሹክታ ነው የተናገረችው። «ጮክ ብዬ ካወራሁ የሚሰማብኝ ይመስለኛል» አለች። ሐኪሙ ከፍ አድርጎ አቅፎ አዞራት፤ ከዚያ ደነገጠና እንደ ዕቃ በቀስታ አስቀመጣት። የኋላ ጥርሶቿን የሞላላት ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር። ያኔ ማርገዟን እሷም አላወቀች፣ እሱም አላወቀ።

ዓሣ ጠባቂዋ ይህን ስትሰማ ልቧ ስንጥቅ አለ። ግን ምንም ያየችው ነገር ስላልነበረ ዝም አለች።

ማየቱ የመጣው በሳምንቱ ነው። በንጹሁ ውሃ ያደጉት ሽሎች ቀጥ ብለው፣ ልባቸው በፍጥነት እየመታ ተኝተዋል። ቁልፎቹ በተዘፈዘፉበት ውሃ ያሉት ግን ጭራቸው ተቆልምሟል፤ ልባቸው አብጦ ሲመታ እየተጎተተ ነው። ሰሃኑን አወጣችው፣ መለሰችው፣ ደግማ አየችው።

ፕሮፌሰሯ በማይክሮስኮፑ አይታ መነጽሯን አወለቀች። «አንዴ የታየ ነገር ገና ወሬ ነው» አለች። «ድገሚው። እስከዚያ አፍሽን ዝጊ።»

ልክ ናት። ዓሣ ጠባቂዋም ለማንም ቢሆን የምትመክረው ይህንኑ ነበር። ግን ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ሆዷን እየዳበሰች ትሰፋለች፤ አንድ ሰው ደግሞ በመስኮት ቆሞ የዓሣ ጠባቂዋን መምጣት ይጠብቃል። ብትናገር ባልተረጋገጠ ነገር ሰው ልታስደነግጥ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ዓይኑን እያየች ልትዋሸው ነው። ምሳዋን ሳትበላ መንገዱን ተሻገረች።

ሐኪሙ በሽተኛ አልነበረውም፤ የበሽተኛው ወንበር ላይ ራሱ ጋደም ብሎ ፖም ይገምጣል። ሲያያት ፊቱ በራ። ከዚያ ፊቷን አየና ፖሙን አስቀመጠ።

ነገረችው። ስለ ጭራዎቹ፣ ስለ ልቦቹ። አንዴ ብቻ የታየ እንደሆነ፣ ዓሣ ሰው እንዳልሆነ፣ ፕሮፌሰሯ አፍሽን ዝጊ እንዳለቻት፤ ሁሉንም። እየተናገረች ሳለ ግራ እጁን በቀስታ አነሳ።

ወዲያው አቆመች።

እጁን አላወረደውም። «በኔ እጅ» አለ በመጨረሻ። «ስንት ዓመት ስትጠብቅ ኖራ፣ በገዛ እጄ።»

«አላወቅንም እኮ ገና...»

«አንቺ ምን አጠፋሽ። ያየሽውን ነው የነገርሽኝ።» ተነሳ፤ መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጣት። «ግን ሂጂልኝ። አሁን ሳይሽ የሚመጣብኝ እነዚያ ሽሎች ናቸው።»

ሄደች። ደረጃውን ስትወርድ ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች «ዓሣ ጠባቂዋ፣ ዛሬ ደግሞ ሰላምታ የለም?» አለቻት። የሰጠችው መልስ ምን እንደነበር ኋላም ልታስታውሰው አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ መስኮቱ ላይ ሰው አልታየም። ስትደውል አያነሳም። ሙከራውን በቀሩት ቁልፎች ደገመችው፤ ውጤቱ ቁርጥ ያው ሆነ። የተቆለመመ ጭራ፣ የተጎተተ ልብ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለቴ ያው የሆነ ውጤት ተመራማሪን ያስፈነድቃል፤ እሷ ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች። አንድ ነገር ብቻ ተመኘች፤ ስህተት መሆንን። በሙያዋ እንዲህ ያለ ምኞት ነውር ነው። ቢሆንም ተመኘችው፤ እህቱን ስለወደደቻት፣ እሱንም ከሚገባው በላይ ስለወደደችው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የላቦራቶሪው በር ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት። መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ሆዷ ገፍቷል። ወንበር ሳይሰጧት ስባ ተቀመጠች።

«ወንድሜ ዓይኔን ማየት ከተወ ሰነበተ» አለች። «ሱቄ በር ላይ ሲደርስ ይሮጣል። ትናንት ሆዴን አይቶ እንባው መጣ፤ ጉንፋን ነው አለኝ። አንቺም ጠፋሽ። እኔ መርፌ አፌ ውስጥ ስለምይዝ ጆሮዬም የተዘጋ መሰላችሁ እንዴ? ምንድን ነው የሆነው?»

ዓሣ ጠባቂዋ መዋሸት አትችልም፤ መዋሸት ብትችል እዚህ ባልደረሰች። ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ እስከ መጨረሻው ሰማች። እጇ ሆዷ ላይ ነበር፤ ጣቶቿ ብቻ ሜትሩን ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«እና እናንተ ሁለታችሁ ተካፍላችሁ ስታለቅሱ ከረማችሁ!» ድምጿ ተሰበረ፤ ግን አልተወችም። «ሆዱ እኮ የኔ ነው! የምፈራው እኔ ነኝ፣ የማውቀውም እኔ መሆን ነበረብኝ። ሁለቴ ሲወርድብኝ አብሮኝ ያለቀሰው እሱ ነው። አሁን ብቻውን ማልቀስ ማን ፈቀደለት?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታሽን ኋላ አመጪው። ስልክ ስጪኝ።»

ደወለች። «ወንድምዓለም፣ አሞኛል። ዓሣዎቹ ጋ ነኝ» ብላ ዘጋችው።

መንገዱን እንዴት እንደተሻገረ እንጃ፤ መኪኖች ሲጮሁበት ይሰማ ነበር። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ፣ ጭንብሉ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እያለከለከ ገባ። እህቱ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች።

«ዋሽተሽኝ ነው?»

«አዎ። አሁን ቁጭ በልና ዓይኔን እያየህ አውራኝ።»

አልተቀመጠም። ጠረጴዛው ጥግ ቆመ። ዓሣ ጠባቂዋን አየና ቶሎ ዓይኑን መለሰ፤ ከስቷል፣ ጢሙም አድጓል፤ አንጀቷን በላት። እጁን የሚያደርግበት ቢጠፋው ሰሃን ላይ ከተረፉት ቁልፎች አንዱን አንስቶ በጣቶቹ መካከል ያገላብጥ ጀመር። ሲያገላብጥ የአውራ ጣቱ ጥፍር የክቡን ሆድ ነካው።

ቆመ። ደግሞ በጥፍሩ ጫን አለው።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?» አለ።

«አንተ» አሉ ሁለቱም ባንድ አፍ።

«ሹል ነገር ስጡኝ።»

ዓሣ ጠባቂዋ ቀጭን መርፌ አቀበለችው። ላዩን ጫረው፤ መርፌው ተንሸራተተ፣ ድንጋይ ነው። ገለበጠውና ታቹን ጫረው። መርፌው እንደ ሻማ ሰም ሰርስሮ ገባ። ሌላ አነሳ፤ ያው። ሌላ፤ ያው።

«አልደረቀም» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «ይሄ አልደረቀም! መብራቱ የሚያደርቀው ከላይ ትንሽ ውፍረት ብቻ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። እኔ ደግሞ የኮት ቁልፍ የሚያክል ባንድ ጊዜ ጠቅጥቄ ከላይ ብቻ አበራሁበት። እንዲህ አድርጌ አፍ ውስጥ ብሞላ አስተማሪዎቼ ያባርሩኝ ነበር።»

«ለምን ታዲያ?» አለች ዓሣ ጠባቂዋ።

«አፍ አይደለማ! ቁልፍ ነው ብዬ... ደግሞ አንቺ አጠገቤ ቆመሻል።»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። እሷስ ብትሆን? ወፍራሙን ቁልፍ አይታ «ትልቅ ከሆነ ይሻላል» ያለችው ራሷ ናት፤ ምን ያህል ውፍረት እንደሚደርቅ አንድም ቀን አልጠየቀችም። እሱ ሽሎቹን ለሷ ተወ፤ እሷ መሙያውን ለሱ ተወች። እንዲህ ተማምነው ሁለት ጊዜ ጥሬ ኬሚካል ለዓሣዎቹ አጠጡ።

«የኔን ጥርስስ?» አለች እህቱ።

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «ያንቺን በቀጭን በቀጭን፣ እትዬ። ለእያንዳንዱ መብራት። ላዩን ጠርጌ፣ አለስልሼ፣ ደጋግሜ አስጉመጥምጬሽ። ምን ያህል እንደቆየሁ ረሳሽው? እጄ ደከመኝ ብዬ ሳማርር ነበር።»

«አንተ ነህ ያማረርከው? መንጋጋዬ ሊወልቅ የደረሰው እኔ!»

መሳቅ ፈለጉ። ዓሣ ጠባቂዋ ግን እጇን ዘረጋች። «ገና ነው» አለች። ለማለት እንዴት እንደከበዳት! «ያወቅነው ያልደረቀው እንደሚጎዳ ነው። በደንብ የደረቀው እንደማይጎዳ አላየንም። እንደገና እንሠራዋለን።»

እንደገና ሠሩት። በዚህ ጊዜ እህቱ ክሊኒኩ ወጥታ የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና «እኔ አፌን እንደከፈትኩ አድርገህ አስብ» አለችው። ሐኪሙ ስስ ስስ እያደረገ ደረበ፤ አበራ፤ ደረበ፤ አበራ። ላዩን ጠረገ፣ አለሰለሰ፣ አጠበ። ዓሣ ጠባቂዋ የውፍረቱን ልክ እየያዘች አጠገቡ ቆመች፤ ክንዷ ክንዱን እንዳይነካ ግን ራቅ ብላ ነው። ሲጨርስ «አለቀ» አላለም። ሁሉም እንዲል ጠበቁት፤ አላለም።

ወደ ላቦራቶሪው ስትመለስ ደረጃው ላይ ተከተላት።

«ሂጂልኝ ስልሽ» አለ፤ ቀሪውን አጣው። «መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ወደ እህቴ። ፈርቼ አንቺን አባረርኩ።»

«አሞህ ነበር። እጅህን አንስተሃል።»

«አቁሚ አልኩሽ እንጂ ጥፊ አላልኩሽም። ግን እንደዚያ ነው ያስመሰልኩት።» የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን አብሬሽ ነው የማየው። ክፉም ቢሆን።»

የጋዋኑን እጅጌ ብቻ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው፤ እሱም ገባው።

ሽሎቹ እስኪያድጉ ያለው ጊዜ እንደ ዓመት ረዘመ። እህትየዋ ሥራዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እዚያው ላቦራቶሪው ውስጥ በእጇ ትሰፋለች። ፕሮፌሰሯ መጀመሪያ አጉረመረመች፤ ኋላ የተቀደደ ጋዋኗን አምጥታ ሰጠቻት። የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ሰሃኖቹን የምታየው ፕሮፌሰሯ ራሷ እንድትሆን ተስማሙ፤ የትኛው ንጹህ ውሃ፣ የትኛው የቁልፍ ውሃ እንደሆነ ሳይነገራት። የሚወድ ልብ ያላቸው ሰዎች ዓይን አይታመንም አለች፤ ይህን ስትል ማንንም አላየችም።

አየች። ሰሃን ቀየረች። አየች። ሐኪሙ ሳያውቀው የዓሣ ጠባቂዋን እጅ ይዟል፤ እህቱ ደግሞ የሱን ሌላ እጅ። ፕሮፌሰሯ ቸኩላ አታውቅም። ጨርሳ ከመጀመሪያው ጀመረች።

«እኔ የምለየው ነገር የለም» አለች ቀና ብላ። «ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው። የሁሉም ልብ እኩል ይመታል። የቁልፎቹ ውሃ የቱ ነው?»

ዓሣ ጠባቂዋ በጣቷ አሳየቻት።

«እንግዲህ ስሙ» አለች ፕሮፌሰሯ። «ይሄ ማለት ነገሩ የዋህ ነው ማለት አይደለም። ሳይደርቅ ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። ገና ብዙ እንጠይቃለን፤ ዓሣም ሰው አይደለም።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። ድምጿ ለሰለሰ። «ግን እኔ አንቺን ብሆን፣ ልጄ፣ ዛሬ ደህና እንቅልፍ እተኛለሁ።»

እህትየዋ እፎይ አለች። እፎይታው ከውስጧ ሲወጣ ይሰማል፤ ብዙ ሳምንት የያዘችው ትንፋሽ ነው። ከዚያ እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች፣ ወንድሟን ትከሻውን ደበደበችው። ሐኪሙ ጠረጴዛው ጥግ መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ዓሣ ጠባቂዋ አጠገቡ ተቀመጠች፤ በዚህ ጊዜ ክንዷ ክንዱን ነካው፣ ራቅም አላለችም።

ልጅቷ በጊዜዋ ተወለደች። ጩኸቷ የሆስፒታሉን ኮሪደር አንቀጠቀጠው፤ ሹፌሩ አባቷ ከሩቅ መንገድ ደርሶ «የኔን መኪና ጡሩንባ ነው የወረሰችው» አለ። አጎትየው ጣቶቿን ቆጠረ፣ ጀርባዋን ዳሰሰ፣ ደረቷ ላይ ጆሮውን አስቀምጦ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ስትጮህ አፏን ተመለከተ።

«ድድ ብቻ!» አለ። «ከዚህች ልጅ ጋር ለጊዜው ምንም ጉዳይ የለኝም። ተመስገን።»

ዓሣ ጠባቂዋ የልጅቱን ልብ ምት በመዳፏ ሰማች። ስንት የዓሣ ልብ አይታለች፤ እንዲህ ያስለቀሳት ግን የለም።

ዓመል አይለቅም። ልጅቷ ፈገግ ማለት ስትጀምር አካባቢ ዓሣ ጠባቂዋ ሌላ የእስክሪብቶ ክዳን ነክሳ የተሞላላትን ጥርስ ጠርዙን ሸረፈችው። ፕሮፌሰሯ በሩን በጣቷ ብቻ አሳየቻት።

ወንበሩ ተኛ፤ መብራቱ በራ። ሐኪሙ መርፌውን ወጋ፣ ጥጥ በጉንጯ ጠቀጠቀ፣ ስስ ስስ አድርጎ ደረበ፣ ሰማያዊውን መብራት አበራ። ከታች የስፌት መኪናው ይንጫጫል።

«አፍሽን እንዳትዘጊ» አለ። «ልናገር ያሰብኩትን ከንፈርሽ ሲመለስ ብናገር ትከራከሪኛለሽ። አሁን ግን መናገር አትችዪም።»

ዓይኗን አፈጠጠች።

ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደው። የተሸረፈው ጥርሱ ታየ። «ቶሎ አለቀ የምል ሰው ነኝ፤ ስሜም ይኸው ነው። አንቺ ደግሞ ገና ነው የምትዪ ሰው ነሽ። ዕድሜ ልክሽን ገና ነው ብትዪኝ ደስ ይለኛል። አብሬሽ መኖር እፈልጋለሁ። አግቢኝ።» ምራቁን ዋጠ። «ይሄ ሐሳብ ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ። ወዲያው አቆማለሁ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ፣ የሕፃን ጉርምርምታ ተሰማ። ዓሣ ጠባቂዋ ግራ እጇን አየችው። ከወንበሩ እጀታ ላይ አወረደችው፤ ከጭኗ ሥር ከተተችውና በሙሉ ክብደቷ ተቀመጠችበት።

«አነሳች?» አለች እህቱ ከበሩ ውጭ።

«ኧረ ተቀምጣበታለች!»